ከሶፋው የማያልፍ ማይክ

ለመጀመሪያ ቪዲዮዬ ማይክ ሳማርጥ ሦስት ሳምንት ፈጀሁ። ፍሪሞንት ከተማ የሚኖረው ጓደኛዬ ዳዊት በየቀኑ ኮል እያደረገ ያማክረኝ ነበር። የድምፅ ጥራት እንዲህ የሚያስጨንቀው ሰው አይቼ አላውቅም። በመጨረሻ አንድ ርካሽ የስልክ ማይክ በአዳፕተር ከካሜራዬ ጋር አገናኘሁ። ሽቦው ከሶፋው አያልፍም።

«ቅዳሜ ሦስት ጡረተኛ ምሁራን ከኦክላንድ ይመጣሉ፤ ቅረጫቸው» አለኝ አባዬ። ሳን ሆዜ ባለው ሳሎናችን ፎከሱን ሶፋው ላይ አስተካክዬ ጠበቅኩ። ሽማግሌዎቹ ገቡና በሩ ሥር ተገተሩ።

«ጋሼ፣ ይቀመጡ እንጂ» አልኳቸው ትልቁን።

«የመጣንበት ሳይፈጸም አንቀመጥም፣ ልጄ።»

የተማሩ ሰዎች ናቸው፤ ስለ ሶፋም አቋም አላቸው። ካሜራዬ ባዶ ሶፋ በሚያስቀና ጥራት ይቀርጻል። ዓይናፋርነቴን ዋጥ አደረግኩና፣ «የመጣችሁበት ምንም ይሁን ምን እኔ ተስማምቻለሁ፤ ብቻ ተቀመጡልኝ!» አልኩ።

ሦስቱም ባንዴ ተቀመጡ። እማዬ ከኩሽና እልልታዋን አቀለጠችው። ግራ እንደተጋባሁ ማይኩን የጋሼ ኮት ላይ ሰክቼ ሄድፎኔን ጆሮዬ ላይ ሳደርግ፣ ድምፃቸው ጥርት ብሎ ገባ።

«ለዳዊት ልጅዎን ልንጠይቅ ነበር አመጣጣችን፤ እሷ ግን አባቷን ቀደመች!»