በሙሉጌታ ደብዳቤ ውስጥ ያስገባሁት ሽሮፕ

ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ይህን ለንስሐ አባቴም ለባለቤቴም ነግሬ አላውቅም። ለእናንተ የምነግራችሁ ፊቴን ስለማታዩት ይሆናል።

አዳማ፣ እኛ ሰፈር፣ ደብዳቤ አንባቢዋ እኔ ነበርኩ። ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል ባቋርጥም ያገኘሁትን ወረቀት ሁሉ፣ የስኳር መጠቅለያውን ሳይቀር፣ እያነበብኩ ራሴን አስተማርኩ። ልጆቻቸው የዘመቱባቸው እናቶች ከግንባር ደብዳቤ ሲመጣላቸው እኔን ይጠሩኛል።

ታምሩ የሚሉት ሰው ደግሞ «ደም ይሞላል፣ ጉልበት ይሰጣል» እያለ ሽሮፕ ያከፋፍል ነበር። ጋሪ ላይ ድምፅ ማጉያ አስሮ ሰፈር ለሰፈር ቢዞር ገዢ አጣ። ሕዝቡ የሻጭ ጩኸት ሰልችቶታል። አክስቴ ጥሩነሽማ በሯ ላይ ቆማ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ይህን ያህል ጉልበት ከሰጠ ለፈረሱ አጠጣውና እኛን ተወን» ስትለው ጋሪ ነጂው ራሱ ሳቀ።

አንድ ቀን ታምሩ ጠራኝ።

«ስሚ እህቴ፣ እኔን አያምኑኝም። ልጆቻቸውን ግን ያምናሉ። ስታነቢላቸው አንድ መስመር ብትጨምሪ ማን ያውቃል?»

ለአንድ ደብዳቤ አንድ ልብ ወለድ መጽሐፍ ሊሰጠኝ ነው። ለመጽሐፉ ብዬ ነው ያደረግሁት? አዎ። ግን እሱ ብቻ አይደለም። ያምኑኝ ይሆን? ይህን ማወቅ ፈለግሁ፤ እንቅልፍ ነሳኝ።

የአክስቴ ልጅ የሙሉጌታ ደብዳቤ መጣ። «ደህና ነኝ፣ ጎረቤቱን ሁሉ ሰላም በይልኝ» ይላል፤ ሌላ የለውም። እኔ ሳነብላት ጨመርኩበት፦ «እማምዬ፣ ስመጣ ከስተሽ እንዳላገኝሽ። እዚህ ሐኪማችን የሚያመሰግነው ሽሮፕ ታምሩ ጋ አለ አሉ፤ ጠዋት ጠዋት ጠጪልኝ።»

አክስቴ ወደ እኔ ጠጋ አለች። «እስቲ ድገሚልኝ።»

ደገምኩ።

«ሰላምታውንስ ሁሉም ይጽፈዋል። ይሄ ግን የልጄ አፍ ነው» አለች።

ምን ተሰማኝ ትሉኝ ይሆናል። ኀፍረት አልተሰማኝም፤ ደነቀኝ። እኔ የፈጠርኩት ከእሱ ቃል ይበልጥ እሱን መሰለ። እንዴት ሊሆን ቻለ? ዛሬም ይገርመኛል። አክስቴ ሽሮፑን ጠጣች፤ ቀበሌ ሱቅ ሰልፍ ላይ ለቆሙት ሴቶችም «ልጄ አዞኝ ነው» እያለች አስጠጣች። ስኳርና ቀለም ነበር። እኔም በሌሎች አራት ደብዳቤዎች ላይ ጨመርኩ። እኔ፣ ያመኑኝ እኔ።

ከዚያ ወዲያ ከሙሉጌታ ደብዳቤ አልመጣም።

መሠረተ ትምህርት ሲጀመር አክስቴ ተመዘገበች። የልጇን ደብዳቤ በራሷ ዓይን ማንበብ ፈልጋ ነው። ወራት አለፉና አንድ ከሰዓት በኋላ ወረቀቱን ይዛ መጣች። በጣቷ እየተከተለች ጨረሰችው፤ ገለበጠችው፤ ጀርባው ባዶ ነው።

«ገና አልጎበዝኩም መሰለኝ፣ የሽሮፑን ነገር አጣሁት» አለችኝ። «የቱ ጋ ነው? አሳዪኝ።»

ዓይኗን ከወረቀቱ አንስታ አየችኝ። ያኔም አልተናገርኩም፤ ይቅርታም አልጠየቅኋትም። ልጅ ነበርኩ አልልም፤ ታምሩ አታለለኝም አልልም። ከልጇ የቀራት ያ ወረቀት ብቻ ነበር፤ በእሱ ላይ የነገድኩበት እኔ ነኝ።

ወረቀቱን አጥፋ ወጣች። በሳምንቱ ለጎረቤታችን ለወይዘሮ ዘነበች ደብዳቤ ሲመጣላት፣ አክስቴ ሄዳ እያንዳንዱን ፊደል በጣቷ እየነካች አነበበችላት። አንዱን ገጽ ለመጨረስ ከሰዓቱን ሙሉ ፈጀባት።