ነጭ አንሶላ ያለበስኳቸው ፈታይ

ደብረ ታቦር ሆስፒታል ሥራ የጀመርኩት በክረምት ነው፤ ጊዜው የደርግ ነበር። የጤና ረዳትነት ወረቀቴን በላስቲክ ጠቅልዬ ከአውቶቡስ ስወርድ ጉም ከተማውን ውጦት፣ የሰው ድምፅ ይሰማል እንጂ ሰው አይታይም። ዛሬም ሳስበው በሕልሜ ያየሁት ይመስለኛል።

የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር አልማዝ ጋውን አለበሰችኝና ትሪ አስያዘችኝ፦ ፒንሳ፣ መቀስ፣ ጎዝ፣ ፋሻ፣ የአዮዲን ጠርሙስ። እስከ ምሳ ሰዓት የአሥራ አንድ ሰው ቁስል ጠረግሁ። ሙገሳ ስጠብቅ፣ "አንቺ ልጅ፣ እሳት ልታጠፊ ነው እንዴ የመጣሽው?" አለችኝ። ፈጣን ነበርኩ፤ በፍጥነቴም እኮራ ነበር።

ቀስ ማለትን ያስተማረችኝ አንዲት ሕንዳዊት ናት። ባሏ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ እሷን ማዳም እንላታለን። እጇን ዘይት አቃጥሏት ፋሻ ልታስቀይር ትመላለስ ነበር። አንድ ቀን ወገቤን ይዤ ሳቃስት አየችኝና ቤቷ ጠራችኝ። በረንዳው ላይ ምንጣፍ አነጠፈች። እጅ ማንሳት፣ ጎንበስ ማለት፣ በመጨረሻ በጀርባ ተኝቶ የራስን ትንፋሽ ማድመጥ። "ዮጋ" ትለዋለች። የመጀመሪያ ቀን ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ ሳቀችብኝ። እየቆየሁ ግን እንቅልፍም ንቃትም ያልሆነ ቦታ አገኘሁ። የጉና ተራራ ነፋስ በደረቴ ገብቶ የሚወጣ ይመስለኝ ነበር።

ስንላመድ ጡቷ በካንሰር ምክንያት በአገሯ እንደተቆረጠ ነገረችኝ። ክንዷን ወደ ላይ ዘርግታ፣ "በዚህ ነው ያዳንኩት" አለች። ከቀዶ ጥገናው በኋላ አልነሳ ያላትን ክንዷን በዮጋው ማለቷ ነው። ካንሰሩን ያወጣው ሐኪም እንደሆነ እሷም ጠንቅቃ ታውቃለች።

እትዬ ደብሬ ወደ እኛ የመጡት በዚያ ሰሞን ነው። ከከተማው ወጣ ብለው የሚኖሩ፣ በፈትላቸው ቅጥነት የታወቁ ሴት ናቸው። አዲስ አበባ ግራ ጡታቸው ተቆርጦ ቁስሉ ደርቋል። ክንዳቸው ግን ከትከሻ በላይ አልነሳ አለ። ቀኝ እጅ እንዝርቱን ሲያሾር፣ ግራው ጥጡን ይዞ ወደ ላይ ካልሄደ ፈትል አይረዝምም።

"ልጄ፣ ይቺ እጅ ካልተነሣች እኔ ምኑን ሰው ሆንኩት?" አሉኝ።

ሲስተር አልማዝን አስፈቀድኩ። "አሠሪያቸው፤ ብቻ ሕንድ አድርገሽ እንዳትልኪያቸው" አለች።

በየማክሰኞው፣ ፋሻ በምናስቀምጥበት ክፍል፣ ጣቶቻቸውን በኖራው ግድግዳ ላይ እያስወጡ ትንፋሽ ይቆጥራሉ። የደረሱበትን በእርሳስ ምልክት አደርጋለሁ። በሦስት ሳምንት ምልክቱ አንድ ስንዝር ከፍ አለ። ሁለታችንም እንደ ልጅ ፈነጠዝን።

በአራተኛው ሳምንት ተኝቶ ማድመጡን ልጨምርላቸው አልኩ። ማዳም እኔን የምታስተኛኝ እግሬን ለቀቅ አድርጋ ነበር። እኔ ግን አልጋ ማንጠፍ የለመድኩ ሰው ነኝ። እግራቸውን ገጠምኩ፤ እጃቸውን በጎናቸው አስተካከልኩ፤ ብርድ ስለነበረ ነጭ አንሶላ እስከ አገጫቸው አለበስኳቸው። ለምን እንደሆነ አልነገርኳቸውም።

"ዐይንዎን ይጨፍኑ፤ ምንም አያስቡ" አልኩ።

ጨፈኑ። ዕንባ በጉንጫቸው ወረደ። ሰውነታቸው ፈታ አለ ብዬ እኔ ሞኟ ደስ አለኝ።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ቀሩ። በሌላውም ቀሩ። ቤታቸው ሄድኩ። ደጃፉ ላይ የባላቸው እህት ተቀምጠው በእትዬ ደብሬ እንዝርት ይፈትላሉ።

"እሷው ናት የሰጠችኝ" አሉ አቀርቅረው። "ጥጡንም ጨምራ። ትናንትና የንስሐ አባቷን አስጠርታ ነበር። እህል ከተወችም ሰነበተች።"

እትዬ ደብሬ መደቡ ላይ ልክ እኔ እንዳስተኛኋቸው ተኝተዋል። እግራቸው ተገጥሟል።

"ምነው እትዬ?"

"አይክፋሽ ልጄ፤ ገብቶኛል። ስታለማምጂኝ ነው የገባኝ። እናቴን ስንገንዛት እንዲያው ነበር ያደረግናት።"

"ኧረ በማርያም! እርስዎ እኮ ድነዋል!"

"እንዲያማ ትያለሽ። ለሚሞት ሰው ማን ደፍሮ ይነግራል?"

እውነታቸውን ነው። ክፉው ነገር የሚነገረው ለቤተሰብ እንጂ ለበሽተኛው አይደለም፤ የክፍላችንም ደንብ ይኸው ነበር። የአዲስ አበባው ሐኪም የነገረው ለልጃቸው ነው፤ ልጁ ደግሞ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዷል። እኔ "ደኅና ነዎት" ብል፣ ብምልም ብገዘትም፣ የሚያምኑኝ አልሆኑም። ጉንጫቸው ጎድጉዷል። የዳነች ሴት በእኔ አንሶላ ልትሞት ነው ብዬ ፈራሁ።

ከአዲስ አበባው ሆስፒታል የተሰጣቸው ወረቀት ሳጥናቸው ውስጥ ነበር። በእንግሊዝኛ ስለተጻፈ ያነበበላቸው የለም። አጠገባቸው ተቀምጬ ጣቴን በየመስመሩ እያስኬድኩ አነበብኩላቸው። ካንሰሩ ወጥቷል ይላል። አልተንቀሳቀሱም። ሊመለስ ይችላል ይላል። በስድስት ወር ተመልሰው ይታዩ ይላል። ብብትዎ ሥር እብጠት ካገኙ ሳይውሉ ሳያድሩ ይምጡ ይላል። እስከ መጨረሻው መስመር አላቆምኩም።

ዐይናቸውን ገለጡ።

"ሊመለስ ይችላል?"

"አዎ።"

"አሁንስ?"

"አሁን የለም።"

በመስኮቱ የገባው ብርሃን ከመደቡ ጫፍ እስከ ጉልበታቸው ሲደርስ ትዝ ይለኛል። ውጭ የገብሱ ማሳ ይንሿሿል፤ ሁለታችንም እኩል የምንተነፍስ ይመስል ነበር።

"ክፉውንም ነገርሽኝ" አሉ በመጨረሻ። "እንግዲያስ ደጉም እውነት ነው።"

ጋቢያቸውን ገፈው ተነሡ። ግድግዳ ይዘው ደጃፍ ወጡ። የሰጡትን መልሶ መጠየቅ በአገሩ ነውር ነው፤ እሳቸው ግን እጃቸውን ዘረጉ።

"በይ እንዝርቴን አምጪ። ፈትሉንም ገመድ አደረግሽው" አሏቸው። የባላቸው እህት እየሣቁ አለቀሱ።

ሲስተር አልማዝ ደንብ ጥሰሻል ብላ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠችኝ። ፈርሜ ተቀበልኩ። እትዬ ደብሬ በስድስተኛው ወር ማንም ሳይቀሰቅሳቸው ለምርመራ አዲስ አበባ ሄዱ።

በሽተኛን ዐይንህን ጨፍን ከማለታችሁ በፊት ለምን እንደሆነ ንገሩት። ወረቀቱም የራሱ ነው፤ እስከ መጨረሻው መስመር አንብቡለት።