የዳማው ነጭ እግር

አሰላ ውስጥ አቶ ከዲሮ ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ ሰውየውን ሳያገኝ ሊመለስ ይችላል። አባ ዳማ ካለ ግን የባጃጅ ሾፌሩ ንግግሩን ሳያስጨርሰው ሞተሩን ያስነሳል። በእኛ አገር ሰው በፈረሱ ቀለም ይጠራል፤ ፈረሱ ዳማ ከሆነ ባለቤቱ አባ ዳማ፣ ቦራ ከሆነ አባ ቦራ ነው። እናትና አባት ያወጡት ስም ለመታወቂያ ወረቀት ይቀራል። ፈረሱ ሲሄድ ግን ስሙ አብሮት አይሄድም። አባ ዳማ ፈረሳቸውን ከሸጡ ወዲህ ጠዋት ሰላም የሚላቸው ሰው ሁሉ፣ ክፉ ሳያስብ፣ የሌላቸውን ነገር እየጠራ ያልፋል።

እኔ ከልጃቸው ከቢፍቱ ሱቅ ወረቀትና እስክሪብቶ የምገዛ ሰው ነኝ። ሱቁ ከመናኸሪያው ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። በሩ ላይ የፕላስቲክ ወንበር አለ፤ ወንበሩ ላይ አባ ዳማ አሉ። ከጭላሎ የሚወርደው ደመና ዝናብ ሲጥል እዚያው ተጠግቼ እቆማለሁ፣ አንዳንዴም ዝናቡ ካባራ በኋላ እቆያለሁ። የሚከተለውን ያየሁት እንደዚያ ቆሜ ነው።

ዳማ ጋሪ ይጎትት ነበር። ወደ ብቅል ፋብሪካው ገብስ፣ ከመናኸሪያው ሰው ያመላልስ ነበር። ሠርግ ሲኖር ከጋሪው ይፈታና አንገቱ ላይ ቀይ የሱፍ ዘርፍ ይታሰርለታል፤ አባ ዳማ ይቀመጡበትና ከሙሽራዋ መኪና ፊት ፊት እየጋለቡ ይሄዳሉ። ኋላ ጉልበታቸው እምቢ አለ። መጀመሪያ ፈረሱ ላይ መውጣት አቃታቸው፣ ቀጥሎ ጋሪው ላይ። ሲሬ ለሚኖር ሀሰኖ ለሚባል ገበሬ፣ ጋሪ እንዳይጎትት አስምለው ሸጡት። ሲያስረክቡ ልባቡን ከራሱ ላይ አውልቀው ለራሳቸው አስቀሩ። «ፈረስ ይሸጣል፣ ልባብ አይሸጥም» ይሉ ነበር አባታቸው። አባታቸው ሌላም ይሉ ነበር፤ የሸጡትን ፈረስ ደኅንነት መጠየቅ ገዢውን መጠራጠር ነው። ስለዚህ አባ ዳማ አንድም ቀን ወደ ሲሬ ደውለው አያውቁም።

የሚያሳዝነው ፎቶ አለመኖሩ ነው። በቢፍቱ ስልክ ውስጥ የዘመድ ሠርግ፣ የዒድ ልብስ፣ ተጎድቶ የመጣ የዕቃ ካርቶን ሳይቀር ተነሥቷል። ዳማ የለም። በየቀኑ በር ላይ የሚቆም ፈረስ ማን ፎቶ ያነሣል?

አንድ ቀን ቢፍቱ ከመርካቶ ካስመጣችው ዕቃ ጋር ትናንሽ የታሸጉ ከረጢቶች መጡ። በውስጣቸው የሚገጣጠም አሻንጉሊት አለ፤ እግር፣ ደረት፣ ራስ፣ ባርኔጣ ለየብቻ። የትኛው እንደሚወጣ ሳይከፈት አይታወቅም፤ ልጆቹ «ድብቅ» አሏቸው። ሁለት ዓይነት ናቸው፣ ከሁለት ፋብሪካ። የማሸጊያቸውን ጽሕፈት የሚያነብ ስለሌለ አንዱ ቀዩ፣ ሌላው ሰማያዊው ተባለ። ከሰማያዊው ጀርባ ሊወጡ የሚችሉት ሁሉ በሥዕል ተደርድረዋል። አባ ዳማ ሥራ ፈትተው ያንን ሲያገላብጡ የመጨረሻው ሥዕል ላይ ጣታቸው ቆመ። ዳማ ፈረስ፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ቦቃ ያለው። ከጎኑ ኮከብ ተሥሏል።

«ቢፍቱ፣ ይሄ ኮከብ ምን ማለት ነው?»

«በቀላሉ የማይገኝ ማለት ነው፣ አባ።»

«እሱስ እውነት ነው» አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ገበያ በዋለ ቁጥር አንድ ሰማያዊ መክፈት ጀመሩ።

የቀዩ ጠበቃ ፊሊጶስ ነው። ፊሊጶስ ከሆሳዕና ተመድቦ የመጣ ነርስ ሲሆን ከሱቁ ጀርባ ባለው ግቢ ተከራይቶ ይኖራል። ሴት ልጁ ናዝሬት እናቷ ጋር ሆሳዕና ናት፤ ዝውውር እስኪፈቀድለት ድረስ ድብቅ እየሰበሰበ በየበዓሉ ይወስድላታል።

«ቀዩ ይሻላል» ይላል ቆሞ። «ይኸው ይግጠሙት፣ ቀጭ ይላል። ገልብጠው ቢያራግፉት ራሱ አይወልቅም። የሰማያዊው ሰው ግን ሆሳዕና የሚደርሰው እግሩን መንገድ ላይ ጥሎ ነው።»

«ነርስ አይደለህ? ቀጥልለት።»

«ቀለሙንስ? ጣትዎን ይዩት፣ ቡናማ ሆኗል። አሁን የከፈቱት ፍየል ቀለም ነው።»

«ቀይህ ውስጥ ምን አለ? ፖሊስ፣ ሐኪም፣ ምግብ አብሳይ፣ ደግሞ ፖሊስ። ሁሉም ቆሞ ያፈጥጣል። እንስሳ የሌለበት አገር ምን አገር ነው?»

«የእርስዎስ? በከፈቱ ቁጥር ፍየል!»

«ፍየል እንስሳ አይደለም እንዴ?»

ቢፍቱ ከውስጥ፣ «አላህ ያሳያችሁ! ልጆቹ ዳር ቆመው ያያሉ፣ ሁለት አባቶች ይከፍታሉ። ትርፌ ሁሉ ፍየል ሆኖ ቀረ» ትላለች። ፍየሎቹን መስኮቱ ላይ የደረደረቻቸው ግን ራሷ ናት።

ፊሊጶስ ባይሸነፍም አንድ ቀን ከቀዩ ሁለቴ የወጣለትን አንድ ሰውዬ ሰጣቸው። ሰውዬው ሰፊ ባርኔጣ፣ ትከሻው ላይ ጣል ያለ ነጠላ የሚመስል ነገር አለው። «እርስዎን ይመስላል፤ ፈረሱ ሲወጣ ይጋልብልዎታል» አለ። አባ ዳማ ሰውየውን አገላብጠው አዩትና ጉልበቱን አጥፈው ዘረጉ። «የዚህስ ይታጠፋል» አሉ።

ከረጢቱን በጣት እየዳበሱ ውስጡን መገመት ይቻላል፤ ልጆቹ ያደርጉታል፣ ቢፍቱ ትቆጣለች። ለአባቷ ግን ፈቀደችላቸው። እሳቸው እምቢ አሉ። «ጥርሱን ሳላይ ፈረስ ገዝቼ አላውቅም። አሁን ደግሞ በስተርጅና ፈረስ ተሸፋፍኖ መጣ። ይሁን። ብቻ አልዳብስም፤ መምጣት ከፈለገ ራሱ ይምጣ።»

ክረምቱ ገባ፣ ገብሱ ደረሰ፣ ታጨደ። ፈረሱ አልመጣም።

የመጣው ፊሊጶስ ለናዝሬት ሊገዛ ቀዩ ባለቀበት ቀን ነው። እያጉረመረመ አንድ ሰማያዊ ወሰደ፣ በር ላይ ቆሞ ቀደደው፣ ቁርጥራጮቹንም መዳፉ ላይ ዘረገፈ። ማጉረምረሙ ወዲያው ቆመ። አራት እግር፣ ደረት፣ ጭራ፣ ራስ ገጣጠመና አባ ዳማ ጭን ላይ አቆመው።

አባ ዳማ አልነኩትም። «ያንተ ልጅ ነው የሚጠብቀው» አሉ።

«ናዝሬት ሰማያዊ አትወድም። እግሩ ይወልቃል ትላለች።»

ናዝሬት እንደዚያ ብላ እንደሆነ እንጃ። ባለፈው ሳምንት በስልክ ስታወራው ሰምቻት ነበር፤ ፈረሱ ወጣ ወይ ብላ የጠየቀችው እሷ ናት።

አባ ዳማ ቀስ ብለው አነሡት። እንደ ፈረስ ገበያ አዩት። መጀመሪያ ቦቃውን፣ ቀጥሎ ደረቱን፣ ከዚያም በአውራ ጣታቸው ጀርባውን ተጫኑት። ከንፈሩን ሊገልጡ ሞከሩ። «አፉ አይከፈትም፤ ዕድሜውን መደበቁ ነው» አሉና ሁላችንም ሳቅን። እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ገልብጠው እግሮቹን አዩ።

«ነጭ እግሩስ?»

«ምን ነጭ?» አለ ፊሊጶስ።

«ዳማ አንድ እግሩ ነጭ ነው። ካልሲ እንዳደረገ።»

ቢፍቱ ከመደርደሪያው የጽሕፈት ስህተት የሚሸፍነውን ነጭ ቀለም አመጣች፤ ክዳኑ ላይ ብሩሽ አለው። «አሁን እናደርግለታለን። የትኛው ነው፣ አባ?»

«የኋላው።»

«ግራ ነው ቀኝ?»

አባ ዳማ ፈረሱን አዞሩት። ቢፍቱ ብሩሹን ይዛ ትጠብቃለች፤ ቀለሙ ጫፉ ላይ መድረቅ ጀምሯል። ሰውየው ከወንበሩ ተነሡ፤ ተደግፈው ቆሙና ሁለት እጃቸውን ልጓም እንደያዘ ሰው ወደ ፊት ዘረጉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ይህ ሰው ያን ሁሉ ዓመት ጋሪው ላይ ተቀምጦ ከፊቱ ያየው የዳማን የኋላ እግር ነበር፤ መንገዱን እንኳ ያየው በሁለቱ እግሮች መካከል ነው። እጃቸው አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ አለ። ወረደ።

«አንቺ አታስታውሽም?»

«እኔ ሱቅ ውስጥ ነበርኩ፣ አባ።»

ወደ እኔ ዞሩ። በዚያ ጋሪ ስንት ጊዜ ሄጃለሁ! አላወቅሁም። የአባቴ ጠባሳ በየትኛው ቅንድቡ ላይ እንደነበረም ካላወቅሁ ቆይቻለሁ፤ ይህን ግን አልነገርኳቸውም።

«አንዱን ይቀቡት፣ ማን ያውቃል?» አለ ፊሊጶስ ሊያጽናና።

«ፈረሱ ያውቃል» አሉና ተቀመጡ። ፈረሱን ኪሳቸው ከተቱት።

በማግስቱ ጠዋት ወረቀት ልገዛ ብዬ ሄድኩ፤ ወረቀት ግን አልጨረስኩም ነበር። አባ ዳማ የቢፍቱን ስልክ ይዘው ተቀምጠዋል። «የአባቴን ቃል ልሽር ነው» አሉኝ። ቢፍቱ ደወለችላቸውና ድምፁን ከፍ አደረገችው። ያወሩት በኦሮምኛ ነው።

«አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርክ ሀሰኖ። ከዲሮ ነኝ፣ የአሰላው።»

ሀሰኖ ደነገጠ። «ደኅና ነዎት? ምነው? ጋሪ አላሰርኩትም! ወላሂ አላሰርኩትም!»

«አልጠረጠርኩህም። ስለ ደኅንነቱም አልጠይቅህም። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ፤ ነጭ እግሩ የትኛው ነው?»

ሀሰኖ የደወለለት ሰው ሊያታልለው የመጣ ሌባ መስሎት ይመስለኛል። «የኋላው ነው።»

«ግራ ነው ቀኝ?»

«እ… ቆይ፣ ቆይ። ልየው።»

እሱም አላወቀውም! አባ ዳማ ወደ እኔ ዞረው በዓይናቸው ሳቁ፤ ከትናንት ጀምሮ የመጀመሪያው ነው። በስልኩ ውስጥ የቆርቆሮ በር ሲጢጥ ብሎ ሲከፈት፣ ውሻ ሲጮህ፣ ጭድ ሲረገጥ ተሰማ። ከዚያ አንድ ረጅም የፈረስ ትንፋሽ፣ ከንፈር የሚያርገበግብ። አባ ዳማ ስልኩን ከቢፍቱ ፊት አንሥተው ጆሯቸው ላይ ለጠፉት። ድምፁ ከፍ ስላለ እኛም መስማታችንን አልተውንም።

«የግራው ነው» አለ ሀሰኖ። «የግራ የኋላ። እስከ ቁርጭምጭሚቱ።»

«የግራው» አሉ ቀስ ብለው።

በዚህ መሀል ከሲሬ በኩል የሴት ድምፅ ራቅ ካለ ቦታ ተጣራ፦ «አባ ዳማ!»

«አቤት!» አሉ አባ ዳማ።

«አቤት!» አለ ሀሰኖ።

ቢፍቱ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ጎረቤት ናት» አለ ሀሰኖ፣ ድምፁ አንሶ። «ሰው ነው እኮ እንደዚህ ማለት የጀመረው። እኔ ጥሩኝ አላልኩም። ተዉ ብል ማን ይሰማኛል?»

አባ ዳማ መንገዱን አዩ። ባጃጆች ያልፋሉ፤ ከመካከላቸው አንድ ጋሪ፣ ግራጫ ፈረስ የሚጎትተው፣ ገብስ ጭኖ ወደ ፋብሪካው ይሄዳል። እስኪያልፍ ጠበቁ።

«የሚያበላው ሰው ነው የሚጠራበት» አሉ በመጨረሻ። «ይጥሩህ።» ትንሽ ቆይተው፣ «ልባቡ እንዴት ነው? ይስማማዋል?»

«እውነቱን ልንገርዎት? የገበያ ነው። ከጆሮው ሥር ትንሽ ልጦታል።»

«እንደሚልጠው አውቄያለሁ። ራሱ ሰፊ ነው።»

የዚያን ቀን ከቀትር በፊት ልባቡን ከመኝታቸው ራስጌ አወረዱ። ቆዳውን በቅባት አሹት፣ በጋዜጣ ጠቀለሉት፣ ተደግፈው እስከ መናኸሪያው ሄዱና ለሲሬ ሚኒባስ ረዳት በእጃቸው ሰጡ። ቢፍቱ ልላክልዎት ብትላቸው እምቢ አሉ። አብሮ ከላኩት የሠርግ ዘርፍ አንድ ቀይ የሱፍ ክር ብቻ ነቅለው አስቀርተዋል።

ሲመለሱ የግራውን የኋላ እግር ራሳቸው ቀቡት። ነጩ ትንሽ ከቁርጭምጭሚቱ አለፈ። ክሩን አንገቱ ላይ ቢፍቱ አሰረችለት፤ ፈረሱንም ከፍየሎቹ ፊት መስኮቱ ላይ አቆመችው።

አመሻሽ ላይ ፊሊጶስ ከሥራ ሲመጣ ባርኔጣ ያደረገውን ቀይ ሰውዬ አንሥቶ ፈረሱ ላይ ሊያስቀምጠው ሞከረ። አልገባም። የሰማያዊው ፈረስ ጀርባ የራሱን ሰው እንጂ የቀዩን አይቀበልም።

«ይኸው! የሁለት ፋብሪካ ጣጣ» አለ። «ክሊኒክ ሞረድ አለ፣ ነገ አመጣለሁ። የፈረሱን ጀርባ ትንሽ ብንሞርደው…»

«ፈረሱን እንዳትነካ!»

«እሺ፣ ሰውየውን እሞርዳለሁ። ከጉልበቱ ላይ ትንሽ ብቻ።»

አባ ዳማ ሰውየውን ከእጁ ወሰዱት። ከፈረሱ ራስ አጠገብ በእግሩ አቆሙት፤ የቀዩ ነውና ሳይነቃነቅ ቆመ።

«ተወው» አሉ። «ጋላቢስ ሲሬ አለው።»

ፀሐይዋ ስትገባ አንድ ጎረቤት ብስክሌት እየገፋ አለፈ። «አባ ዳማ፣ እንዴት ዋሉ?»

ድሮ ጥሪው ሳያልቅ ነበር የሚመልሱት። አሁን ትንሽ ቆዩ፤ ሲሬ ያለው ሰው አስቀድሞ አቤት እንዲል የጠበቁት መሰለኝ። ከዚያ፣ «አልሐምዱሊላህ» አሉ።