የአሜሪካ አስታራቂ

በኮሮናው ዓመት አሜሪካ መሪዋን ስትመርጥ፣ ገነተ ማርያም ይኖሩ የነበሩት አያቴ ከሬዲዮናቸው ጋር ይከራከሩ ነበር። ተሸናፊው «አልተሸነፍኩም» ማለቱን የሰሙ ዕለት፣ አፋቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፍነው ከዘራቸውን አነሡ።

«አባባ፣ ወዴት ነው?» አልኳቸው።

«ላስታርቃቸው ነዋ! አገር ሲጣላ ሽማግሌ ቁጭ ይላል?»

«እነሱ ራሳቸው ሽማግሌዎች አይደሉ እንዴ?»

ቆም አሉ። «እንግዲያማ ባሰ! ሽማግሌ ከሽማግሌ ሲጣላ ማን ሊገላግል ነው?» ብለው ወደ ጋሸና ከተማ የሚሄድ መኪና ፍለጋ ወጡ። አጥተው ተመለሱ። እስኪያርፉ ድረስ «መኪና ጠፋ እንጂ ይታረቁ ነበር» ይሉን ነበር።

የተዝካራቸው ማግስት እኔና ወንድሜ «ሬዲዮኑ ለእኔ ይገባል» ተባብለን ተኳረፍን። እስካሁን አንነጋገርም። ከዘራቸው በሩ ጥግ ቆሟል፤ የሚያነሣው ግን የለም።