የግራው ዘንግ ብሎን

በአሮጌ ሻሼ ጫፍ ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ አለች። በሳሙና ፈትጌያታለሁ፣ በበረኪና ዘፍዝፌያታለሁ፣ ፀሐይ ላይ አስጥቼያታለሁ፤ አትለቅም። ትናንት ሻሹን አጥቤ ሳሰጣው ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። ከሳሙናው ሥር ግራሶ ግራሶ ይሸታል፣ ወይም ለእኔ ይመስለኛል። የሳይክል ሠሪ ቤት ሽታ ነው። ያ ሽታ በመጣ ቁጥር እህቴ ትመጣብኛለች፤ እህቴ ስትመጣ ደግሞ ቅናቴ አብሮ ይመጣል። ሰው ምን ይለኛል ብዬ ስሙን አልለውጠውም፣ ቅናት ነው።

እህቴ የሰባት ዓመት ታላቄ ናት። ሕፃን ሳለች የያዛት በሽታ እግሮቿን ስላሰነፋቸው የምትሄደው በተሽከርካሪ ወንበር ነበር፤ ወንበሩን የምገፋው ደግሞ እኔ። ከከተማችን ወደ ሐይቁ የሚወርደውን መንገድ ከእግሬ ይልቅ መዳፌ ያውቀዋል። እውነቱን ልንገራችሁና፣ መግፋቱ ይደክመኛል እንጂ አይከፋኝም ነበር። ወፍጮ ቤት ወረፋ አንጠብቅም። መንገደኛው ሁሉ የሚያየው እኔን ነው። "አሰላሙ አለይኩም፣ እንዴት አደርሽ? እሷስ እንዴት ናት?" ይሉኛል፣ እሷ እዚያው ፊታቸው ተቀምጣ። "አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ናት" እላለሁ እኔ፣ እንደ ቃል አቀባይ። ምርቃቱም ለእኔ ነበር፤ "አላህ ይጨምርልሽ፣ ጀነት እኮ ነው የምትገፊው!" እህቴን ምን እንደሚሰማት ጠይቄያት አላውቅም። ከኋላ ሆኜ የማየው ሻሿን ብቻ ነበር።

ያኔ ሬዲዮው ጧት ማታ ስለ ለውጥ ያወራል። እኛ ቤት ለውጡ የገባው በሁለት የብረት ዘንግ ነው። ከመንገዱ ማዶ ያለው ሳይክል ሠሪ በስልኩ ያየውን ነገር ከአሮጌ ሳይክል ጥርስና ሰንሰለት ገጣጥሞ ሠራላት፤ በግራና በቀኝ ጎማው ላይ የሚታሰር አንድ አንድ ዘንግ። ወደፊት ስትገፋቸው ወንበሩ ይሄዳል፣ ስትመልሳቸው ቀጭ ቀጭ ቀጭ ይላሉ። የቤታችን በር ጠባብ ስለሆነ ስትገባ ብሎኖቹ በእጅ ይፈቱና ዘንጎቹ ግድግዳ ላይ ይሰቀላሉ። ዓሣ አጥማጆቹ ገና እንዳዩአት "ይቺማ መቅዘፊያ አወጣች!" አሉ፤ ከዚያ ወዲያ ሰፈሩ ሁሉ "ቀዛፊዋ" አላት።

በመጀመሪያው ቀን እንደ ልማዴ የወንበሩን እጀታ ልይዝ ስጠጋ፣ "ልቀቂኝ እስቲ" አለችኝ። በክፉ አልነበረም፣ እየሳቀች ነው። ሄደች፤ ዳገቷንም ወጣች። እኔ እጄን የት ላድርገው ብዬ መንገድ መሃል ተገትሬ ቀረሁ።

ከዚያ ብቻዋን ገበያ መሄድ ጀመረች። ብቻዋን ሐይቁ ዳር ወርዳ ዓሣ ገዝታ ትመጣለች፤ ወሬም ይዛ ትመጣለች፣ እኔ ያልሰማሁትን ወሬ። ሰዉ እሷኑ በስሟ እየጠራ ሰላም ይላት ጀመር። በብረት የሚቀና ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ቀንቻለሁ። ያ ቀጭ ቀጭ ከሩቅ ሲመጣ ተነስቼ ጓዳ እገባ ነበር።

አንድ ጠዋት የቅሬው ጠሪ የአንዲት ጎረቤታችንን ሞት ለፈፈ። ቅሬ እኛ ዘንድ እስላም ክርስቲያኑ አብሮ የሚቀብርበት፣ አብሮ የሚያለቅስበት ነው፤ መቅረት ነውር ነው። እኔና እህቴ ለቅሶ ቤት ሁልጊዜ አብረን ነበር የምንገባው። የዚያን ቀን ግን "እስቲ ትለምነኝ" ብዬ ብርድ ልብሴን ተከናንቤ ተኛሁ። እሷ ሳትለምነኝ ሄደች። በማግስቱ ለቅሶ ቤቱ በር ላይ ብቅ ስል አንዲት ባልቴት ሴቶቹ ሁሉ እየሰሙ፣

"እህትሽ በእጇ መጣች፣ አንቺ በእግርሽ ቀረሽ?" አሉኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ቤት ተመልሼ እህቴ ስትሰግድ ጠብቄ፣ የግራውን ዘንግ ብሎን አንስቼ ሻሼ ጫፍ ላይ ቋጠርኩት።

ብሎኑ ሲታጣ ቤቱ ተተራመሰ። እኔም ከእናቴ ጋር ቁጢጥ ብዬ አልጋ ሥር ፈለግሁ። የሌባ ዓይነ ደረቅ፣ መልሶ ልብ ያደርቅ ማለት ይኼው ነው። ብሎኑ ሳይክል ሠሪው በእጁ የሠራው ስለሆነ ሱቅ አይገኝም፤ ሌላ እንዳይሠራላት ደግሞ በሰሜን ጦርነት ተጀምሮ ስለነበር እሱ ዘምቷል፣ ቤቱም ተዘግቷል። "አብሽሪ ልጄ፣ እህትሽ አለችልሽ" አለቻት እናቴ። ደስ አለኝ፣ ውሸት ምን ያደርጋል። እጀታው ወደ መዳፌ፣ ሰላምታውም ወደ እኔ ተመለሰ።

አንድ ቀን ከወንዝ ስመለስ ቀጭ ቀጭ ሲል ሰማሁና በአጥሩ ቀዳዳ አየሁ። እህቴ በቀኙ ዘንግ ብቻ ለመሄድ ትታገላለች። ወንበሩ ግቢው ውስጥ ይዞራል፣ አንድ ቦታ ላይ ክብ ሠርቶ ይዞራል። ደግማ ትገፋለች፣ ደግሞ ይዞራል። ፊቷ በላብ ታጥቧል። ቋጠሮዬን በጣቴ ዳበስኩት፤ ልፈታው ነበር። አልፈታሁትም።

ከዚያ ጦርነቱ በውጫሌ በኩል ወደ እኛ ቀረበ። የመድፉ ድምፅ ቆርቆሮውን ሲያንቀጠቅጠው ሰዉ ወደ ደሴ ጎረፈ። እኛም ጥቂት ነገር ጠቀለልን። እህቴ ሁለቱንም ዘንጎች ከወንበሩ ጀርባ እሰሩልኝ አለች።

"አንዱ ብሎን የለው፣ ብረት ምን ያደርግልናል?" አለች እናቴ።

"ይያዝ" አለች እህቴ።

እናቴ ጥቅልሉን አዝላ ከጎረቤት ጋር ፊት ፊት ሄደች። እኔ ገፋሁ። ሜዳው አልቆ ዳገቱ ሲጀምር ክንዴ ዛለ። ሰዉ እያለፈን ይሄዳል። አንድ ቦታ ላይ ወንበሩ ወደኋላ ተንሸራተተብኝ፤ በጉልበቴ ደግፌ አስቆምኩት። እህቴ ዞር ሳትል መዳፏን በትከሻዋ ላይ ወደኋላ ዘረጋችልኝ።

"አምጪው" አለች።

"ምኑን?"

"ወላሂ አልቆጣሽም። አምጪው።"

ቋጠሮውን በጥርሴ ነው የፈታሁት። ዘንጎቹን ሳስርላት እንባዬ ብሎኑ ላይ ይንጠባጠባል።

"ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው፣ እትዬ?"

"ከጠፋ ቀን ጀምሮ። ሻሽሽ ግራሶ ግራሶ ይላል።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"ትመልሽዋለሽ ብዬ ነዋ።"

ዘንጎቹን ጨብጣ ገፋች፣ ወንበሩም ዳገቱን ያዘ። እኔ ከኋላ ልሆን ስል፣ "ከኋላ አይደለም፣ በጎኔ ነይ" አለችኝ። "ይኼን ሁሉ ዓመት ስንሄድ ፊትሽን አይቼው አላውቅም።" በግራዋ በኩል ሆንኩ። እስከ ደሴ ድረስ፣ ሲደክማት አረፍ እያልን፣ ጎን ለጎን ሄድን። ያን ያህል ፈርቼ አላውቅም፤ ያን ያህልም ከእህቴ ጋር አውርቼ አላውቅም።

ሰላም ሲሆን ተመለስን። ሐይቁ ዳር እኔ በግራዋ በኩል ሆኜ ብዙ ጊዜ ወረድን። በኋላ ኮምቦልቻ የስፌት ሥራ አገኘችና ቤት ተከራይታ ሄደች። ከቤቷ ሥራ፣ ከሥራዋ ገበያ፣ በእጇ ትደርሳለች።

ባለፈው ሳምንት እንደ ልማዷ ስልኩን ጭኗ ላይ ጥላ ደውላልኝ ነበር። ያ ቀጭ ቀጭ ከድምፅዋ ጋር ይሰማኛል፤ አጠገቧ ደግሞ የማላውቃት ሴት ሳቅ አለ።

"ማን ናት?" አልኳት።

"ጎረቤቴ ናት፤ ገበያ አብረን እየሄድን ነው።"

"ማሻ አላህ" አልኩ። በየት በኩሏ እንደምትሄድ ልጠይቃት አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። ጎረቤት ይኑራት፣ ደስ ይበላት። በግራዋ በኩል ብቻ አትሁን።