«መብራቱን ምን አደረግሽው?»

አያቴ ላንቴ ከምትባለው የገጠር ቀበሌ፣ ሙዝ ማሳቸው አጠገብ ካለው ቤታቸው መብራት በጠፋ ቁጥር ይደውሉልኝ ነበር። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪካል ምህንድስና ስገባ «የልጅ ልጄ መብራት ነው የምታጠናው» ብለው ለጎረቤት ሁሉ አውርተዋል።

«ልጄ፣ መብራቱን ምን አደረግሽው?»

«አባባ፣ እኔ ተማሪ ነኝ። የማጠፋውም የማበራውም እኔ አይደለሁም።»

«ታዲያ አራት ዓመት ሙሉ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?»

አንድ ቀን ፈተና ልገባ ስል ደወሉ። ቸኩዬ ስለነበር «እሺ አባባ፣ አሁን እልከዋለሁ» አልኳቸው። ስልኩን ሳንዘጋው መብራቱ መጣ!

«አየሽ፣ ስትፈልጊ ትችያለሽ! ተባረኪ!»

ከዚያ ወዲያ ማስረዳቱን ተውኩት። መብራት ሲጠፋ ደውለው ይቆጡኛል፤ ሲመጣ ደግሞ ደውለው ይመርቁኛል።

ተመርቄ አሁን ምዕራብ ዓባያ ለመስኖ ፓምፖች ኤሌክትሪክ እዘረጋለሁ። አያቴን ከቀበርን ሁለት ወር ሆነን። ባለፈው ሳምንት ቢሮ መብራት ጠፋ። ሌሎቹ ሲያማርሩ እኔ ሳላስበው ስልኬን አንስቼ ይጠራል ብዬ ጠበቅኩ። ጥፋቱ የኔ መሆኑን የሚነግረኝ ሰው ናፈቀኝ።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ መብራቱ መጣ፤ ሁሉም ወደ ሥራው ተመለሰ። «ተባረኪ» ያለኝ ግን የለም።