ከይርጋጨፌ የመጣው ጣውላ

ሰም በላምባ ሲሟሟ የሚሸተውን ታውቀዋለህ? እኔ ሰው ቤት ገብቼ ዛሬም ሲሸተኝ ከበሩ አጠገብ መቀመጥ ነው የምፈልገው፤ ቶሎ ለመውጣት። የወንድሜ እጅ እንደዚያ ይሸት ነበር። ቢታጠብም አይለቀውም።

የመጨረሻው ደህና ቀን ጠዋትም ቤታችን በዚያው ሽታ ተሞልቶ ነበር። ወንድሜ ከመግቢያው በር ሥር ተንበርክኮ የበሰበሰውን ጣውላ በመሮ እየፈነቀለ ያወጣል። ቤታችን ዲላ ነው፤ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ይላል፤ ከፊቱ ሱቅ፣ ከኋላው መኖሪያ። ወለሉን በዋንዛ ጣውላ ያስነጠፈው አባታችን ነው። እሱ ሲሞት ሱቁንም ወለሉንም የያዘው ታላቄ ሆነ። ከበሩ ሥር ዝናብ እየገባ አንዱን ጣውላ በልቶታል። ከባንኮኒው ጀርባ ደግሞ አባታችን ጨርቅ ሲለካ ዕድሜውን የቆመበት ቦታ ጎድጉዷል። ሁለት እግር ጎን ለጎን። ወንድሜም እዚያው ላይ ነበር የሚቆመው።

ዛሬ የምቆመው እኔ ነኝ። እግሬ ጉድጓዱን አይሞላውም።

የዚያን ሰሞን የአባታችን ታናሽ ወንድም ከላይ አገር መጥቶ እኛ ዘንድ ሰንብቶ ነበር። እጁን ከኋላ አጣምሮ ከወንድሜ ራስ በላይ ቆመ።

«ይሄ እኮ የተጣፈ ሱሪ መሰለ» አለ። «ሁሉንም በማሽን አስልጎ ቫርኒሽ ማስቀባት ነው እንጂ።»

«የተጣፈ ሱሪም እኮ ይሞቃል፣ ጋሼ።»

«ቀልድ ይዘሃል። ሀዋሳ የሆቴል ወለል የላገ ሰውዬ አለ። ለሰኞ ቀጥሬዋለሁ።»

ወንድሜ መሮውን አስቀመጠ። ለትልቅ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። «ጋሼ፣ ያ ጉድጓድ እንዲጠፋ ሌላው ሁሉ እስከሱ ድረስ መውረድ አለበት። ከዚያ በኋላ የሚቀረን ወረቀት ነው። የተበላሸው የበሩ ሥር ብቻ ነው፤ እሱን ልቀይረው። ሌላውን ሰም ይበቃዋል።»

«ወረቀትም ቢሆን ያብረቀርቃል!»

እናታችን ከጓዳ ሆና «የአባታቸውን እግር አትላጉብኝ» አለች።

አጎቴ ሳቀ። «እግሩንማ ይዞት ሄዷል።»

ያ ሳቅ እስከዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ሌላ ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ እሱን አልረሳሁም።

አጎቴ ሲወጣ ወንድሜ ቀስ ብሎ ነገረኝ። ሰውዬው ሰኞ ሲመጣ ወለሉ ሙሉ ሆኖ ካገኘው ወንድሜ የሚላግ ነገር የለም ብሎ ይመልሰዋል። ስለዚህ ጣውላው ዛሬውኑ መገጠም አለበት። ግን አዲስ እንጨት አልፈለገም። «እዚህ መሀል አዲስ ጣውላ ብታስገባበት የወርቅ ጥርስ ነው የሚሆነው፤ አፍ በተከፈተ ቁጥር እሱ ይታያል» አለኝ። ይርጋጨፌ አንድ አሮጌ ቤት እየፈረሰ ነው፤ ወለሉ እንደኛው ዋንዛ ነው፣ እንደኛው ተረግጦ የጠቆረ። ሲባጎ አምጥቶ የቀዳዳውን ርዝመት ለካና በሁለት ቋጠሮ ምልክት አድርጎ ኪሱ ከተተው። ከወለሉ ሥር የአቧራ ሽታ ወጣ፤ የድሮ፣ ደረቅ ሽታ። ቀዳዳው ላይ ቆርቆሮ ጣልንበት።

«ማሙሽ፣ እማዬ እግሯ እንዳይገባ ጠብቃት። ስመለስ አብረን እንገጥመዋለን።»

«ማሙሽ አትበለኝ» አልኩት። አሥረኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ ጺም ማውጣት ጀምሬያለሁ።

«እሺ ሽማግሌው» አለ። ቆርቆሮውን ሆን ብሎ በእግሩ ደልቆት ወጣ። ጓ! አለ። ከውጭ ሲስቅ ተሰማኝ።

ይሄው ነው። ሌላ የተባባልነው ነገር የለም።

ቀኑን ሙሉ ደንበኛ ሲገባ ቆርቆሮው ይጮኻል፤ እኔ ቀና እላለሁ፤ እሱ አይደለም። ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጣለ። ሲመሽ እናቴ «ዝናብ ይዞት እዚያው ሊያድር ይሆናል» አለች። ይርጋጨፌ የዘመድ ቤት አለን፣ አመንኳት።

ጎህ ሲቀድ ቆርቆሮው ጮኸ። አንዴ አይደለም። ጓ፣ ጓ፣ ጓ እያለ ተከታተለ። እናቴ ገና ማንንም ሳታይ በእግር ኮቴው ብዛት አወቀችው። በማለዳ ብዙ ሆኖ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ በእኛ አገር ሁሉም ያውቃል። የገቡት ሽማግሌዎች አፋቸውን ሳይከፍቱ መሬት ላይ ወደቀች።

ጣውላውን ያመጣው የሰፈራችን ባጃጅ ነጂ ነው፤ ከባጃጁ ጎን በገመድ አስሮት። ከግድግዳው አስደግፎት ፊቴን ሳያይ ነገረኝ። «የተሳፈረበት አይሱዙ ቁልቁለቱ ላይ ተገለበጠ። ጋቢና ቦታ ነበር አሉ። እሱ ጣውላው እንዳይሰበር ብሎ ከኋላ እሱን ይዞ ተቀመጠ።»

ጣውላው አልተሰበረም። ጫፉ እንኳ አልተላጠም። እዚያው ይርጋጨፌ በልክ አስቆርጦት ነበር፤ ሲባጎውም ከጣውላው ወገብ ላይ ታስሯል።

በዚያው ቀን ቀበርነው። ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ አጎቴ አጠገቡ ለተቀመጠው ሰው ሲያወራ ሰማሁት። «የወለሉን ሰውዬ ለአርባው አዛውሬዋለሁ። ያኔ ሙሉውን እናስልገዋለን። ቤቱም ሐዘኑን ያራግፍ።» ሰውዬው ራሱን ነቀነቀ። ሐዘን እንደ ቫርኒሽ የሚላጥ ነገር መስሏቸው ነው።

በማግስቱ ጠዋት ለቀስተኛው ገና ምንጣፍ ላይ እንደተኛ ተነሳሁ። ቆርቆሮውን አንስቼ ጣውላውን አስገባሁት። መላጊያም መጋዝም አልጠየቀኝም። እጅ ኪስ እንደሚገባ ገባ። ቀለሙ ከጎረቤቶቹ አይለይም። መዶሻውን አነሳሁ።

የመጀመሪያው ምት ቤቱን ሁሉ ቀሰቀሰው።

«ኧረ በለቅሶ ቤት ሚስማር!» አለች አንዷ ጎረቤት ደረቷን ይዛ። «ሌላ ሬሳ ልትጠራብን ነው?»

«ልጁ አእምሮውን ሳተ፤ ያዙት» አለ አጎቴ።

እናቴ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች ከምንጣፉ ቀና አለች። ድምፅዋ ተዘግቶ ነበር። «ተዉት። ይምታ።»

መታሁ። ወንድሜ ቢሆን እያንዳንዱን ሚስማር ከእንጨቱ በታች ያሰምጠውና ቀዳዳውን በሰጋቱራና በሰም ይደፍነዋል፤ ማንም አያየውም። እኔ አላሰመጥኳቸውም። አናታቸውን ከጣውላው በላይ ብቅ እንዳሉ ተውኳቸው፤ ሁሉንም። አጎቴ ጎንበስ ብሎ በጣቱ ዳሰሳቸው።

«ይሄ የማሽኑን ምላጭ ይሰብራል» አለኝ።

«አውቃለሁ።»

ጣቱን በጋቢው ጠረገ። ከዚያ ወደ ድንኳኑ ወጣ።

እናቴ በባዶ እግሯ መጥታ ጣውላው ላይ ቆመች። በአውራ ጣቷ አንዱን ሚስማር ነካ ነካ አደረገችው።

«ቀሚሴን ይይዘዋል» አለች።

«ይያዘው፣ እማዬ።»

አልወረደችም።

ቆርቆሮውን ወደ ጓሮ ወስጄ ጣልኩት። ከዚያ በኋላ በሩ ሰው ሲገባበት ድምፅ አልነበረውም። ማን እንደመጣ ለማወቅ ቀና ብሎ ማየት ግድ ሆነ። እስኪረፍድ ድረስ በገባው ሰው ሁሉ ቀና አልኩ።